ከካቻቢቴ እስከ ላፕቶፕ፦ የሞተሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው?



ባለፈው ሳምንት ቨርጂኒያ ከሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ መልእክት ደረሰኝ። «ቲቸር፣ የ1990 ማዝዳ ሚያታ ገዛሁ። የሞተሩን ኮምፒውተር ራሴ ማስተካከል እፈልጋለሁ። ሦስት ሰው ብጠይቅ ሦስት የተለያየ ሶፍትዌር ነገሩኝ። የቱን ልግዛ?» ይላል።

መጀመሪያ ሳቅኩኝ። ልጁ ያስተማርኩት ታሪክ እንጂ መካኒክነት አለመሆኑን ረስቶታል ማለት ነው። በኋላ ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ሳጥኑን ማን ቆለፈው? ለምን ቆለፈው? ማን ከፈተው? ይህን ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ዋጋና ማስታወቂያ ብቻ አይቶ ነው የሚገዛው። ስለዚህ መልሱ ለሱ ብቻ ከሚሆን ለሁላችንም ይሁን ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካቻቢቴ የነገሠበት ዘመን

ደሴ ባደግኩበት ሰፈር ከአጥራችን ማዶ ጋራዥ ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ጋሼ የፔጆ 404 ኮፈን ይከፍቱና ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርገው፣ በአንዲት ቀጭን ካቻቢቴ የካርቡራተሩን ብሎን ሩብ ዙር ያዞራሉ። ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ከዚያ ትንሽ ይመልሱታል። «አሁን ተነፈሰች!» ይላሉ። በቃ፣ ሥራው አለቀ።

ስለ አሰብ መንገድ ሲያወሩ ደግሞ አፋችንን ከፍተን ነበር የምንሰማቸው። አሰብ ባሕር ዳርቻ ላይ በደንብ የተስተካከለ የቤንዚን መኪና ደሴ ሲደርስ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ጉልበቱም ይከዳዋል። ምክንያቱ ከፍታ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛል፣ ጭስ ይወጣል። ጋሼም ካቻቢቴያቸውን ያነሳሉ።

ልብ በሉ፤ «ቱኒንግ» የሚባለው ነገር ያኔም ነበር። መሣሪያው ካቻቢቴ ነበር፣ ሶፍትዌሩ የጋሼ ጆሮ ነበር።

ኮምፒውተሩ ለምን መጣ?

ብዙ ሰው የሞተር ኮምፒውተር የመጣው ለጉልበት ነው ወይም መካኒክን ከእንጀራው ለማፈናቀል ነው ብሎ ያስባል። ትልቁ ገፊ ምክንያት ግን ጭስ ነው።

በ1940ዎቹ ሎስ አንጀለስ ዓይን የሚያቃጥል ጉም ይወርድባት ጀመር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሆላንድ የተወለደው ኬሚስት አሪ ሃገን ስሚት ጉሙ ከመኪና ጭስና ከፀሐይ ብርሃን ግንኙነት የሚፈጠር መሆኑን አሳየ። በ1970 የወጣው የአሜሪካ የንጹህ አየር ሕግ ደግሞ የመኪና አምራቾች ዋና ዋናዎቹን ብክለቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ90 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ። ይሄ በካቻቢቴና በጆሮ የሚሆን ነገር አልነበረም።

ሙከራው ግን ከሕጉ በፊት ተጀምሯል። በ1958 ክራይስለር ቤንዲክስ የሠራውን በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ በጥቂት መኪኖቹ ላይ ገጠመ። የዘመኑ ኤሌክትሮኒክስ ሙቀቱንም ንዝረቱንም አልቻለውም፤ አብዛኞቹ መኪኖች ወደ ካርቡራተር ተመለሱ። ሐሳቡን ቦሽ ተረከበውና በ1967 በፎልክስዋገን 1600 ላይ አሳካው። በ1976 ቮልቮ ለካሊፎርኒያ ገበያ በሠራቸው መኪኖች የጭስ መውጫ ላይ ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር ገጠመ። ሞተሩ የራሱን ጭስ «ቀምሶ» ቤንዚኑን የሚያስተካክልበት ዘመን መጣ ማለት ነው። በ1979 ደግሞ ቢኤምደብሊው 732አይ ላይ የቦሽ ሞትሮኒክ ገባ፤ ቤንዚኑንም የካንዴላውን እሳትም አንድ ዲጂታል ኮምፒውተር አዘዛቸው።

የጋሼ ጆሮ ሳጥን ውስጥ ገባ። ሳጥኑም ተዘጋ።

ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?

አስተማሪ ስለሆንኩ በሮስተር ላስረዳ። የተማሪ ስም ወደ ታች፣ የትምህርት ዓይነት ወደ ጎን፣ መሃል ላይ ውጤት። የሞተር ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ወደ ጎን የሞተሩ ፍጥነት፣ ወደ ታች ሞተሩ ላይ ያለው ጫና፤ መሃል ላይ ቁጥር። ኮምፒውተሩ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ «አሁን የት ነኝ?» ይልና ከሮስተሩ ቁጥሩን አንስቶ ኢንጀክተሩ ለስንት ሚሊሰከንድ እንደሚከፈት ያሰላል። ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ የሚወስን ሌላ ሮስተርም አለ።

የቱኒንግ ሶፍትዌር ማለት እንግዲህ ይህን ሮስተር አውጥቶ የሚያሳይህ፣ እንድትለውጠውና እንድትመልሰው የሚፈቅድልህ ፕሮግራም ነው። ሌላው ሁሉ ማስዋቢያ ነው።

ሮስተር ላይ የተሳሳተ ውጤት ብጽፍ ተማሪው መጥቶ ይከራከረኛል። ሞተር ግን አይከራከርም። ቤንዚን አንሶት ጫና ሲበዛበት ወይም እሳቱ ቀድሞ ሲመጣበት ያንኳኳል፤ ካልሰማኸው ፒስተኑን ያቀልጠዋል።

መስኮት ያላት ቺፕ

በ1980ዎቹ ሮስተሩ የተጻፈው ትንሽ ቺፕ ላይ ነበር። ሠሪዎቹ የሚያጠፏትና ደግመው የሚጽፉባት ዓይነት ቺፕ አናቷ ላይ የመስታወት መስኮት አላት፤ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍባት የተጻፈው ይጠፋል። አሜሪካ ውስጥ መኪና ወዳጆች ሳጥኑን ፈትተው፣ ቺፑን ነቅለው፣ ውስጡ ያለውን ቁጥር እያተሙ «ሮስተሩ የትኛው ጋ ነው?» ብለው እንደ ጥንታዊ ጽሕፈት ሲፈቱ ያድሩ ነበር። ጎን ለጎን «ይህን ቺፕ ሰክተህ ጉልበት ጨምር» የሚል ገበያ ደራ። ገዢው ምን እንደተለወጠ አያይም። አምኖ ይሰካል፣ አለቀ።

ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

1996 እና 2001፦ ሁለት በሮች

ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ደሴ መካኒኩ ከመሪው በታች ስካነሩን የሚሰካባት ያቺ ናት። የታቀደችው የጭስ መቆጣጠሪያው ሲበላሽ እንድትናገር ነው። በዚያው አሥርት ዓመት ኮምፒውተሩ ሳይፈታ እንደገና የሚጻፍበት የማስታወሻ ዓይነት ስለተስፋፋ፣ በዚህችው መሰኪያ ላፕቶፕ ሰክቶ ሮስተሩን መለወጥ ተቻለ። ኤችፒ ቱነርስና የኒውዚላንዱ ኢኤፍአይላይቭ ከዚህ በር የገቡ ናቸው። ለሱባሩ ባለቤቶች ደግሞ ሮምሬይደር የሚባል ነፃ ፕሮግራም ተሠራ።

ሁለተኛው በር በ2001 ተከፈተ። ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «የፋብሪካውን ሳጥን ከመስበር ለምን የራሳችንን አንሠራም?» ያሉ ይመስል ሜጋስኩዌርትን አወጡ። ያኔ ዕቃው ተበታትኖ ነበር የሚመጣልህ፤ ብየዳውን ራስህ ነበርክ የምትበይደው። የመጀመሪያው ስሪት ቤንዚኑን ብቻ ነበር የሚያዝዘው፤ ሮስተሩም 8 በ8 ብቻ ነበር። በላፕቶፕ የሚያስተካክለውን ሜጋቱን የተባለውን ፕሮግራም ኤሪክ ፋልግረን ጻፈ፤ ቆየት ብሎ የፊል ቶቢን ቱነርስቱዲዮ ቦታውን ወሰደ። ዛሬ በአርዱዊኖ ላይ የተመሠረተው ስፒዱዊኖም የሚስተካከለው በዚሁ በቱነርስቱዲዮ ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር ዋጋው መርከሱ አይደለም። ሳጥኑን ራሱ የበየደ ሰው ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃል። ሰው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱንም ነው በእጁ ያስገባው።

2015፦ ሁሉም የተፋጠጠበት ዓመት

የአሜሪካ የ1998 የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ሶፍትዌር የተቆለፈበትን ቁልፍ መስበር ይከለክላል። መኪና ውስጥ ሶፍትዌር ስላለ ታዲያ የገዛኸውን የራስህን መኪና መክፈት ሕገ ወጥ ነው? በ2015 ይህ ክርክር የቅጂ መብት ቢሮው ፊት ቀረበ። የትራክተር አምራቹ ጆን ዲር ባለቤቱ በሶፍትዌሩ ላይ ያለው መብት የመጠቀም ፈቃድ ነው ብሎ ተከራከረ። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ኢፒኤም በጁላይ በጻፈው ደብዳቤ «ሳጥኑ ከተከፈተ ሰዎች የጭስ መቆጣጠሪያውን ያጠፉታል» የሚል ስጋቱን አሰማ።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ ሴፕቴምበር 18፣ ያው ኢፒኤ ለፎልክስዋገን ሕግ ጥሰሃል የሚል ማስታወቂያ ሰጠ። የናፍጣ መኪኖቹ ሶፍትዌር ምርመራ ላይ መሆኑን ሲያውቅ ጭሱን ያጠራል፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ከሕጉ እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለቃል። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች! ጉዱ እንዲወጣ መንገድ የከፈቱት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መለኪያቸውን መኪናው ላይ ጭነው መንገድ ለመንገድ በመንዳት ነበር።

በኦክቶበር ውሳኔው መጣ። የመኪና ባለቤት ለምርመራ፣ ለጥገናና ሕግ ለሚፈቅደው ማሻሻያ ቁልፉን መክፈት ይችላል ተባለ፤ ተግባራዊ የሆነው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። የጭስ ሕጉ ግን ባለበት ጸና።

ፎልክስዋገን ዋሸ ብለን ባለቤቶቹን መልአክ እንዳናደርጋቸው ግን አደራ። ኢፒኤ በ2020 ባወጣው ግምት በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ550 ሺህ የሚበልጡ የናፍጣ ፒክአፖች የጭስ መቆጣጠሪያቸው ተነቅሏል። የኤጀንሲው ስጋት ከንቱ አልነበረም።

ይሄ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። አንድ የሚኒባስ ባለቤት ዳገቱን በደንብ እንዲወጣለት የናፍጣ ፓምፑን አስከፍቶ ነበር። እዚያ ኮምፒውተርም ሶፍትዌርም የለም፤ ያው የድሮው ብሎን ነው። ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤታችን በር ሲያልፍ ልጆቹ በነጠላና በደብተር አፍንጫቸውን ይሸፍናሉ። አንዲት አስም ያለባት ተማሪዬ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ እያሳለች ነበር የምትጨርሰው። ዳገቱን የወጣው እሱ፣ ዋጋውን የከፈለችው እሷ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ

አንተ ልጅ፣ ታሪኩን ከሰማህ መልሱ ቀላል ነው።

1. ከሶፍትዌሩ በፊት ሳጥኑን እወቅ። ያንተ መኪና ከ1996 በፊት የተሠራ ስለሆነ በመሰኪያ የሚጻፉት ፕሮግራሞች ለፋብሪካው ኮምፒውተር አይሆኑህም። መንገድህ ሁለተኛው በር ነው፦ እንደ ሜጋስኩዌርት ወይም ስፒዱዊኖ ያለ ሳጥን ከቱነርስቱዲዮ ጋር። ቱነርስቱዲዮ ነፃ ስሪት አለው፤ በሱ ተማርና ካስፈለገህ የሚከፈልበትን ትገዛለህ።

2. አዲስ መኪና ላላችሁ ሌሎቻችሁ፦ የፋብሪካውን ሮስተር አንብቦ ኮፒ የማያስቀምጥ ሶፍትዌር አትግዙ። መመለሻ የሌለው መንገድ አይጀመርም። ፈቃዱ ለአንድ መኪና ብቻ መሆን አለመሆኑንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

3. ሞተሩ ሲሠራ የሚመዘግብ ይሁን። ጋሼ ያዳምጡ ነበር፤ አንተም መዝገቡን ታነባለህ። ድብልቁን በትክክል የሚለካ የኦክስጅን ሴንሰር ሳትገጥም ሮስተር አትንካ።

4. «ይህን ፋይል ጫን፣ ጉልበት ይጨምራል» የሚልህን ሽሽ። የ1980ዎቹ ቺፕ ነው ስሙን ቀይሮ የመጣው። ምን እንደተለወጠ ካላየህ አላስተካከልክም፤ አምነህ ሰክተሃል።

5. የጭስ መቆጣጠሪያውን አትንካ። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የጭስ ምርመራ እንዳለ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። መኪናህ አርጅቶ ምርመራው ቢቀርልህ እንኳ ከኋላህ የሚተነፍስ ሰው አለ።

ሳጥኑን የዘጉት አንዳንዶቹ አየሩን ለመጠበቅ፣ አንዳንዶቹ ገበያቸውን ለመጠበቅ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ውሸታቸውን ለመደበቅ ነው። የከፈቱትም እንዲሁ አንድ ዓይነት አይደሉም። ስለዚህ መክፈት መብትህ ነው፤ ከከፈትክ በኋላ ከማርሚታው የሚወጣው ግን ያንተ ዕዳ ነው።

ጋሼ መኪናውን ካስተካከሉ በኋላ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከኋላ ዞረው ነጭ ጨርቅ ማርሚታው አፍ ላይ ይይዛሉ። ጨርቁ ከጠቆረ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ካቻቢቴያቸውን ይዘው እንደገና ይጎነበሳሉ።

አንተም ላፕቶፕህን ከመዝጋትህ በፊት ከኋላ ዞረህ እይ።

ጋራዥ የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የተሳሳትኩት ካለ ኮሜንት ላይ አርሙኝ፤ ዛሬ ማርኩን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። መልካም ሳምንት!