«ደኅና ነው፣ ተመለሱ» የተባሉት የቢኪኒ ሰዎች

የተበከለ መሬት «ለኑሮ ደኅና ነው» የሚባለው በምን መለኪያ ነው? መልሱን በፓስፊክ ውቅያኖስ ካሉት የማርሻል ደሴቶች ታሪክ እናገኛለን።

እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ 167 የቢኪኒ ነዋሪዎችን ከቀያቸው አነሳች። እስከ 1958 ድረስም 23 የኑክሌር ቦምቦችን እዚያ ሞከረች። በ1968 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሕዝቡ እንዲመለስ ፈቀዱ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤተሰቦች ተመለሱ። በ1978 ግን ዳግም ወጡ። ሲዝየም-137 የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በሰውነታቸው ተጠራቅሞ ተገኝቷል።

ከየት መጣ? በዋናነት ከኮኮናት! የደሴቱ አፈር ፖታሲየም ስለሚያንሰው ዛፉ በምትኩ ሲዝየሙን ይስባል። ባለሙያዎቹ ደግሞ ሕዝቡ የሚበላውን ኮኮናት አሳንሰው ገምተው ነበር።

ለይጁቤ ገበሬ «በመሬትህ ኑር፣ ጤፉን ግን አትብላ» ቢባል፣ ወደ ርስቱ ተመለሰ እንላለን?

ትምህርቱ ዘግይቶም ቢሆን ተወሰደ። በ1992 ለሮንጌላፕ ደሴት በተደረገው ስምምነት፣ የደሴቲቱን ምግብ ብቻ የሚመገብ ሰው እንኳ በዓመት ከ100 ሚሊሬም በላይ ጨረር እንዳያገኘው ተወሰነ። የማርሻል ደሴቶች የኑክሌር ካሳ ፍርድ ቤት ደግሞ 15 ሚሊሬምን መረጠ። ምክንያቱም የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በገዛ አገሩ የተበከለ ቦታ ሲጸዳ በጊዜው ይጠይቅ የነበረው ይህንኑ ነበር።

እንግዲህ «ደኅና ነው» ስንባል ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ የእኛ ማዕድ ተቆጥሯል? ፈራጁስ ለራሱ ልጆች ይህንኑ ልክ ይቀበላል?