ፋብሪካው ያልሠራው ኖታ

ሃርሞኒካ የገዛ ጓደኛ ካላችሁ ይህን አይታችኋል። ልጁ ትዝታን ከወፍራሙ በኩል ይጀምራል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል... ‹ላ› ላይ ሲደርስ ቀጥ! አትሳቁበት። በዶ የተቃኘ ባለ አሥር ቀዳዳ ሃርሞኒካ በታችኛው ኦክታቭ ‹ላ› የለውም። ‹ፋ›ም የለውም።

ተረስተው አይደለም። ቅኝቱ የተመቸው ለጀርመን የአገር ቤት ዘፈን ነው፤ ሲነፋ ደህና ኮርድ እንዲወጣ ሁለቱ ተዘለሉ። ማቲያስ ሆነር እ.ኤ.አ. በ1857 በትሮሲንገን ከተማ ማምረት ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ዕቃው ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። ርካሽ ነው፣ ኪስም ይበቃዋል።

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁሮች እጅ ሲገባ ነገሩ ተገለበጠ። ከመንፋት ይልቅ ወደ ውስጥ መሳቡን መረጡ፤ የዶውን ሃርሞኒካ በሶል ተጫወቱበት። እየሳቡ ምላሳቸውን ‹ኢ› ከማለት ወደ ‹ኡ› ሲያዞሩት ኖታው አብሮ ወረደ። ቤንዲንግ የምንለው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት የናስ ምላሶች አሉት፤ አንዱ ለመንፋት፣ አንዱ ለመሳብ። ኖታው ሲጎብጥ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው ምላስ ድምፁን ይረከባል።

‹ፋ› በሁለተኛው ቀዳዳ ትገኛለች። ‹ላ› ግን ሦስተኛው ላይ ናት፤ እዚያ ደግሞ ሦስት ጎባጣ ኖታዎች ተደርድረዋል፣ እሷ መሀለኛዋ ናት። ትንሽ ካነሰ ሲ ፍላት፣ ትንሽ ካለፈ ላ ፍላት። (እኛም ሞክረን ጎረቤት አስመርረናል።) የፋብሪካው ስም ክዳኑ ላይ ተቀርጿል። ይህን ዘዴ መጀመሪያ ያገኙት ሰዎች ስም ግን የትም አልተጻፈም።

ከዚህም የከበደ አለ። ቤንዲንግ ኖታን ያወርዳል እንጂ ከፍ አያደርግም። ከፍ የሚያደርገው ኦቨርብሎው ነው፤ እየነፉ የመንፊያውን ምላስ አፍኖ የመሳቢያውን ማስጮህ። በስድስተኛው ቀዳዳ የመሀል ኦክታቩ ሲ ፍላት እንዲህ ይወጣል። ዘዴውን ያስፋፋው ሃዋርድ ሌቪ ነው፤ በ1970 ገደማ ገና ወጣት ሳለ ደርሶበት ባለ አሥር ቀዳዳው ላይ ጃዝ ተጫወተ። ምስጋናውም በአብዛኛው ለእሱ ይሰጣል፤ ይገባዋልም።

ግን ብሉዝ በርድሄድ የተባለ ጥቁር ሙዚቀኛ በ1929 የቀረጸውን ‹ሚን ሎው ብሉዝ› ስሙት። ኦቨርብሎው አለበት። ሌቪ እስኪደርስበት አርባ ዓመት ገደማ ሸክላው ላይ ተቀምጦ ነበር።