ሙስሐፉን ያቀፈው ጥራዝ

ስለ ቁርኣን አጻጻፍ ብዙ ጊዜ ይወራል። ዛሬ ግን ጽሑፉን አቅፎ ለእኛ ስላደረሰው ጥራዝ፣ ይህንንም ጥራዝ በቀደምቶች መንገድ በእጅ መልሶ ስለ መሥራት እንነጋገራለን።

ነገሩ ለእኛ ለሐበሾች ሩቅ አይደለም። በ911 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አስ-ሱዩጢ በአል-ኢትቃን ኪታባቸው እንደዘገቡት፣ ቁርኣን በተሰበሰበ ጊዜ ምን ብለን እንጥራው ተብሎ ሲመከር «ሙስሐፍ» የሚለው ስያሜ ከሐበሻ ምድር የተሰማ መሆኑ ተነሥቶ ነበር። «መጽሐፍ» የምንለውን ቃል ልብ ይሏል። በ255 የሞቱት አል-ጃሒዝም ሐበሾች ወደ ዐረቦች አመጣን ብለው የሚኮሩባቸውን ሦስት ነገሮች ሲቆጥሩ አንዱ ሙስሐፍ ነው። እነዚህ የታሪክ ወሬዎች እንጂ የዐቂዳ ማስረጃዎች አይደሉም፤ ቢሆንም ደስ ያሰኛሉ።

ሙስሊሞች ጥረዛን እንደ ተራ ሥራ አላዩትም። በዛሬዋ ቱኒዚያ ይገዙ በነበሩት በአል-ሙዒዝ ኢብን ባዲስ (454 ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. 1062) ስም የሚታወቀው ኪታብ ስለ ብዕርና ስለ ቀለም ካስተማረ በኋላ ጥረዛንም ያስተምራል። በ7ኛው ክፍለ ዘመነ ሂጅራ መጀመሪያ ያረፉት አል-ኢሽቢሊ ሙሉ ኪታብ የጻፉት ስለዚሁ ሙያ ነው። በ1029 (እ.ኤ.አ. 1619) ደግሞ የሞሮኮው አስ-ሱፍያኒ ሌላ ጨመሩበት።

ታዲያ እነዚህን ኪታቦች ከፊቱ ዘርግቶ ልሥራ የሚል ሰው ወዲያው ይቸገራል። ጸሐፊዎቹ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ እጃቸውን የሚያይ ደረሳ እንዳለ አድርገው ነው የጻፉት። ክሩ ምን ያህል ይጥበቅ? ቆዳው እስከ ምን ይፋቅ? ይህን የሚመልሰው እጅ ነው። ለዚህም ነው በዘመናችን የጥንት መጻሕፍት ጠጋኞች አንድን አሮጌ ጥራዝ ከመንካታቸው በፊት አምሳያውን በእጃቸው ሠርተው የሚሞክሩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታጥፈው የተደራረቡት ወረቀቶች እርስ በርሳቸው በሰንሰለት ስፌት ይያያዛሉ፤ ብዙ ጊዜ ክሩ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ሁለት ብቻ ናቸው። ጀርባው ጠፍጣፋ ሆኖ ጨርቅ ወይም ስስ ቆዳ ይለጠፍበታል። ከላይና ከታች በጀርባው ጫፍ ላይ በሁለት ቀለም ክር ጌጥ ይታጫል። ደፎቹ ወረቀት በወረቀት ላይ ተለጥፎ የተሠሩ ካርቶኖች ናቸው፤ ከገጾቹ ጋር እኩል እንጂ ወጣ ብለው አይታዩም። ቆዳ ይለብሳሉ፤ መካከላቸው ላይም የለውዝ ቅርጽ ያለው ማኅተም ይታተማል። በስተግራ ሊሳን፣ ማለትም ምላስ፣ የሚባለው ክዳን አለ። ብዙ ሰው ክዳኑን ከላይ ያሳርፈዋል፤ ቦታው ግን ከላይኛው ደፍ ሥር ነው።

ለረጅም ጊዜ አንዳንድ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ይህን ጥራዝ «ያማረ ግን ደካማ» ይሉት ነበር፤ ሽፋኑ ለብቻው ተሠርቶ በሙጫ ብቻ የተያያዘ መስሏቸው ነው። በሆላንድ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የእጅ ጽሑፎች የመረመሩት ካሪን ሼፐር በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አባባል ውድቅ አድርገውታል። ስፌቱ፣ የጀርባው ጨርቅና የጫፉ ጌጥ ተደጋግፈው መጽሐፉን ይሸከማሉ። ጌጥ ነው ተብሎ የታለፈው ክር ለካ ሥራ ላይ ነበር!

ወደ አገራችን ስንመለስ ሐረርን እናገኛለን። በ1855 እ.ኤ.አ. ከተማዋን የጎበኘው እንግሊዛዊው በርተን የሐረር ጠራዦችን ሥራ አድንቆ ከፋርስ ጥራዝ ጎን አስቀምጦታል። ኋላ ግን የታተመ ሙስሐፍ ከውጭ ሲገባ ገበያው ጠፋ፤ ሙያውም ከጥቂት ሽማግሌዎች እጅ ላይ ቀረ። አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ያቋቋሙት የሐረር ሙዚየም አሮጌ ኪታቦችን ከመሰብሰብ አልፎ ጥረዛውን በጥንቱ መንገድ እንዲነሣ ማድረጉ ለዚህ ነው ትልቅ ሥራ የሆነው።

አሁን ወደ መስጂዶቻችን እንምጣ። በየመደርደሪያው ሽፋናቸው የተላቀቀ በእጅ የተጻፉ ሙስሐፎችና ኪታቦች አሉ። ዑለማእ ሊነበብ የማይችል ሙስሐፍ በንጹሕ ቦታ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል ማለታቸው ይታወቃል። ሽፋኑ ብቻ የተጎዳ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ይነበባልና። ሌላው ጥፋት በበጎ ሐሳብ የሚሠራው ነው። ወንድሞች ተሰባስበው ገንዘብ ያዋጡና ኪታቡን ወደ ማተሚያ ቤት ይወስዱታል፤ ማሽኑ ዳር ዳሩን እኩል ይቆርጠዋል፤ በላስቲክ ሽፋን ተጠርዞ ይመለሳል። ከተቆረጠው ጋር ግን በኅዳጉ ላይ የነበረው የሸይኹ ማብራሪያ፣ «ይህ ለእገሌ መስጂድ ወቅፍ ነው» የሚለው ጽሑፍና ዓመተ ምሕረቱ አብረው ሄደዋል። አሮጌው ቆዳም ተጥሏል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ኪታብ በእጃችሁ ካለ ፕላስተር አትለጥፉበት፣ አታስቆርጡት። የተላቀቁትን ቅጠሎች ቅደም ተከተላቸውን ሳታዛቡ ከአሮጌው ሽፋን ጋር በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉና ከእርጥበትና ከአይጥ ርቆ በሚገኝ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ሙያውን የሚያውቅ ጠጋኝ እስኪያየው ድረስ።