የባለቅኔው ትዳር፦ ባይረንና አናቤላ ሚልባንክ

አንድ ባለቅኔ በአደባባይ የሚያሰማው ድምፅና በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ኑሮ ሁልጊዜ አንድ ሆነው አይገኙም። የእንግሊዛዊው የሮማንቲሲዝም ባለቅኔ የጆርጅ ጎርደን ባይረንና የባለቤቱ የአናቤላ ሚልባንክ ትዳር ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባይረን ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1812 በሎርዶች ምክር ቤት ባሰማው የመጀመሪያ ንግግሩ፣ የሹራብ መሥሪያ መኪናዎችን በሰባበሩት ችግረኛ ሠራተኞች ላይ የሞት ቅጣት የሚደነግገውን ረቂቅ ሕግ በብርቱ ተቃወመ። በተከታዩ ወር «ቻይልድ ሃሮልድ» የተባለው ድርሰቱ ታትሞ ሲወጣ ዝናው በመላው ለንደን ናኘ። አናቤላ በበኩሏ ሒሳብ ያጠናች፣ በሃይማኖቷ የጸናች፣ ነገርን መዝና የምትናገር ሴት ነበረች። በ1812 ላቀረበላት የጋብቻ ጥያቄ መልሷ እምቢታ ነበር፤ በ1814 ግን እሺ አለች። ጋብቻው ጃንዋሪ 2 ቀን 1815 ሲሃም በሚገኘው የወላጆቿ ቤት ተፈጸመ።

ይህን ጎጆ ያናጋው የጠባይ አለመጣጣም ብቻ አልነበረም። ባይረን በዕዳ የተዘፈቀ ባላባት ሲሆን፣ አናቤላ ውርስ የምትጠብቅ ብቸኛ ልጅ ነበረች። ጥንዶቹ ለንደን ፒካዲሊ በተከራዩት ሰፊ ቤት ገና ሳይደላደሉ አበዳሪዎች ይመላለሱባቸው ጀመር፤ በ1815 መጨረሻም ንብረት የሚይዝ የሕግ አስከባሪ እቤታቸው ገብቶ ተቀመጠ። ባይረን ንዴቱን በመጠጥና በቁጣ ተወጣ፤ የቁጣው ማረፊያም ነፍሰ ጡር ሚስቱ ነበረች። ዲሴምበር 10 ቀን ልጃቸው ኤዳ ተወለደች። ጃንዋሪ 15 ቀን 1816 አናቤላ የአምስት ሳምንት ሕፃኗን ይዛ ወደ ወላጆቿ ሄደች፤ ዳግመኛም አልተመለሰችም።

ብዙ ጸሐፊዎች አናቤላን ልበ ደንዳና አድርገው ሥለዋታል። ዳሩ ግን ፍርዱ የዘመኑን ሕግ የዘነጋ ነው። ያገባች ሴት በሕግ ፊት ራሷን የቻለች ሰው አልነበረችም፤ ልጅ የማሳደግ መብት የአባት ነበር፤ ሙሉ ፍቺም የሚገኘው በፓርላማ ልዩ ድንጋጌ ብቻ ነበር። ባይረን ሕፃኗን ልውሰድ ቢል ሕጉ ከእርሱ ጋር ነው። ስለዚህ እናቲቱ ስለ ባይረንና በአባት ስለምትገናኘው እኅቱ ስለ ኦገስታ ሊ የሚናፈሰው ሐሜት ከተማውን ሲያምስ፣ አቤቱታዋን ለአደባባይ ሳታወጣ በጠበቃዋ በስቲቨን ሉሺንግተን በኩል ያዘች። ቅዝቃዜ የተባለው ጥንቃቄ የእናት መከላከያ ነበር።

የመለያየቱ ውል በኤፕሪል 1816 ተፈረመ፤ ባይረንም በዚያው ወር አገሩን ለቀቀ። ሚስቱንና ልጁን ዳግመኛ ሳያይ፣ ለግሪክ ነጻነት ሊታገል በሄደበት በሜሶሎንጊ ኤፕሪል 19 ቀን 1824 አረፈ። የሕይወት ታሪክ ማስታወሻውን በተከታዩ ወር ወዳጆቹ ለንደን ውስጥ አቃጠሉት።

አናቤላ በ1834 ኢሊንግ ውስጥ ለድሆች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። ኤዳ በ1843 በቻርልስ ባቤጅ የስሌት መኪና ላይ ያሳተመችው ማስታወሻ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በ1839 የወጣው ሕግ እናቶች ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ፍርድ ቤት እንዲጠይቁ ፈቀደ።

በምክር ቤት የሠራተኛውን በደል አጥርቶ ያየው ዓይን በገዛ ጣሪያው ሥር ያለውን በደል አላየም። ይህ የግጥሙን ውበት አይሽርም፤ ነገር ግን የኪነ ጥበብን ታሪክ የሚያስተምር ሰው ባይረንን በመድረክ ላይ ሲያቆም፣ አናቤላን ከመጋረጃው በስተጀርባ ሊተዋት አይገባም።