የጸሐፊው ክንድ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። በሕክምናው ዓለም ግን ስም የሚያወጣው ሁልጊዜ መልአክ አይደለም፤ አንዳንዴ ሐኪሙ ደጅ ቀድሞ የደረሰ በሽተኛ ነው። «ቴኒስ ኤልቦ» የሚባለው የክርን ሕመም ለዚህ ምስክር ይሆናል። ስሙን የሰማ ሰው ነጭ ልብስ የለበሰ ስፖርተኛ ይታየዋል። ታሪኩን ወደ ኋላ የተከተለ ግን ብዕር የጨበጠ ጸሐፊ ያገኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ይህን ሕመም በጽሑፍ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1873 ነበር። የጽሑፉ ርእስም ጸሐፊዎችን ከሥራ የሚያግድ የእጅ ሕመም ነበር። ብሪታንያዊው ሻለቃ ዊንግፊልድ ለሣር ሜዳ ቴኒስ የባለቤትነት ፈቃድ ያወጣው በ1874 ነው፤ ሕመሙ ከተጻፈ ከዓመት በኋላ መሆኑ ነው! ጨዋታው በባለጸጎች ግቢ ሲስፋፋ፣ ሄንሪ ሞሪስ በ1882 «የሣር ቴኒስ ክንድ» ሲል ጻፈ። በ1883 ደግሞ «የሣር ቴኒስ ክርን» የሚለው ስም በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ወጣ። በአሥር ዓመት ውስጥ ጸሐፊው ከገዛ ሕመሙ ስም ላይ ተፋቀ።

ከዚያ በፊትም የጸሐፊን እጅ ያስተዋለ ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ የሠራተኞችን በሽታ በመረመረበት መጽሐፉ፣ በ1713 እትም፣ የጸሐፊዎችን ሥቃይ ለሦስት ምክንያቶች ሰጠ፤ እነርሱም ሳይነሡ መቀመጥ፣ እጅን ባንድ አቅጣጫ ያለማቋረጥ ማንቀሳቀስ፣ በሒሳብ ስሕተት ጌታን ላለማክሰር መጨነቅ ናቸው። ቀኝ ክንዱ ስለዛለበት አንድ ጸሐፊም ያወሳል፤ ሰውዬው በግራው መጻፍ ተማረ፣ ግራውም ታመመ። ብር ቆጥሬ፣ ማኅተም መትቼ የማድር ሰው ነኝና፣ ይህን ሳነብ ራማዚኒ አዳማ መጥቶ የባንካችንን መስኮት ያየ መሰለኝ።

ከአዳማ በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ደቡብ ብንወርድ ባቱ፣ የቀድሞዋ ዝዋይ፣ እንደርሳለን። በሐይቁ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቋ ቱሉ ጉዶ ናት። በደብረ ጽዮን ማርያም ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው ኖረዋል፤ ትውፊቱ በዮዲት ዘመን ከአክሱም ከሸሹት ካህናት ጋር ያያይዛቸዋል። የብራና መጽሐፍ ከምን እንደሚሠራ እናስብ። ቆዳው በእንጨት ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ መስመሩ በወስፌ ይሰመራል፤ ከዚያ ጸሐፊው መሬት ተቀምጦ፣ ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በመቃ ብዕር ፊደል በፊደል ይቀርጻል። በመጨረሻው ገጽ አንባቢውን በጸሎት እንዲያስበው የሚለምን ጸሐፊ ብዙ ነው። የክንዱን ድካም የሚያውቅ ሰው ልመናው ይገባዋል።

ደግሞ እዚሁ አዳማ አጠገብ ወንጂ አለ። የስኳር ፋብሪካው በ1954 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ አገር የቀመሰው ጣፋጭ በገጀራ በሚቆርጥ ክንድ ያለፈ ነው። ያ ክንድ ራኬት ጨብጦ አያውቅም።

ለመሆኑ የሚታመመው ምንድን ነው? በክርናችን ውጫዊ ጎን ያለችውን የአጥንት ጉብታ እንዳስስ። የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሡት ጡንቻዎች በጅማት የታሰሩት እዚያች ላይ ነው። አንድ ነገር አጥብቀን በጨበጥን ቁጥር እነርሱ ይወጠራሉ። ስለዚህ ልብስ መጭመቅም፣ ገጀራ መሰንዘርም፣ መጻፍም ጅማቱን ሊያደክመው ይችላል። አሜሪካውያኑ ነርሽል እና ፔትሮን በ1979 እንዳሳዩት፣ በቀዶ ሕክምና የወጣው የታመመ ጅማት የተለመደው የብግነት ምልክት አይታይበትም፤ የሚታየው ክሩ የተዛባ፣ ጥገናው ያልተሳካለት ጅማት ነው።

ሕክምናውም ከዚህ ይነሣል። ወጌሻ ለወለምታ የታወቀ ባለሙያ ነው፤ እዚህ ግን የሚመለስ ወለምታ የለም፣ በኃይል መታሸትም ጅማቱን ሊያስቆጣው ይችላል። የኮርቲዞን መርፌ ቶሎ ያስታግሳል። ነገር ግን በአውስትራሊያ ተሠርቶ በ2006 በወጣ ጥናት፣ በስድስተኛው ሳምንት ከሁሉ የተሻሉት መርፌ የተወጉት ነበሩ፤ በዓመቱ ግን ፊዚዮቴራፒ ካደረጉትም፣ ዝም ብለው ከጠበቁትም ወደ ኋላ ቀሩ። የሚበጀው የሚያሳምመውን ጭነት መቀነስና ጅማቱን ቀስ በቀስ ማጠንከር ነው። ክንድን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፣ መዳፍን ወደ ታች አዙሮ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ጨብጦ፣ አንጓን በዝግታ ወደ ታች ማውረድ፤ ወደ ላይ ሲመለስ በሌላው እጅ መደገፍ። ሥቃዩ ከበረታ ክብደቱን መቀነስ ነው። አብዛኛው ሰው በአንድ ዓመት፣ አንዳንዱም በሁለት ዓመት ውስጥ ይድናል። ከመውደቅ በኋላ የመጣ ሕመም፣ እብጠትና ትኩሳት፣ ወይም የጣት መደንዘዝ ካለ ግን ሐኪም ሳያየው ሊታለፍ አይገባም።

የስሙ ጉዳይ ቀላል አይምሰለን። «ቴኒስ አልጫወትም» ብሎ ሕመሙን እንደ ባዕድ የሚያይ ሠራተኛ እረፍት ለመጠየቅ እንኳ ያፍራል፤ አሠሪውም አያምነውም። ሩንገን ያስታወሰ ግን ለሸንኮራ ቆራጩም፣ ለልብስ አጣቢዋም፣ ለጸሐፊውም ክንዳቸው በሥራ እንደታመመ ይመሰክርላቸዋል። ግጥም ስትገለብጡ የምታመሹ ወዳጆቼም፣ ክርናችሁ ሲያስጠነቅቃችሁ ብዕሩን ለጥቂት አስቀምጡት፤ ስንኙ ይጠብቃችኋል።