ዓይነ ስውሩ በሕግ ፊት፦ ከወለጋ መንገድ እስከ የትነበርሽ ንጉሤ

ከአዲስ አበባ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምት የሚጓዝ ሰው ወለጋን ሊረግጥ ጥቂት ሲቀረው ባኮን ያገኛል። የባኮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ብሬል ካስቆጠሩን ቀደምት ተቋማት አንዱ ነው። ከዚያ የተመረቀ ወጣት በነቀምት ወይም በጊምቢ ሱቅ ለመከራየት ቢፈልግ ምን ዓይነት ሕግ ይጠብቀዋል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 340 ራሳቸውን ለመምራት ወይም ንብረታቸውን ለማስተዳደር ያልቻሉ ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ለአእምሮ ሕሙማን የተሰጠውን ጥበቃ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። አንቀጽ 1728 ደግሞ የዓይነ ስውር የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ማንበብ ከማይችለው ጋር በአንድ ረድፍ መቆሙን ልብ ይሏል! ብሬል አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው ለሕጉ አልታየውም።

የትነበርሽ ንጉሤ በ1974 ዓ.ም. በወሎ ሳይንት ተወለደች። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው ይህች ልጅ ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች። ዓይነ ስውርነቷ ያለዕድሜ ከመዳር እንዳዳናት ደጋግማ ተናግራለች። ገና ተማሪ ሳለች በ2005 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና የልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች።

ሕጉም መንቀሳቀስ ጀመረ። የሥራ ስምሪቱ አዋጅ 568/2000 ቀዳሚውን አዋጅ 101/1986 ተክቶ የማስረጃን ሸክም አዞረ፤ አድልዎ ተፈጽሞብኛል ባዩ ሳይሆን ቀጣሪው አድልዎ እንዳልፈጸመ ያስረዳ ዘንድ። ለደምቢ ዶሎው ሥራ ፈላጊ ይህ ከብዙ ንግግር ይልቃል፤ የቢሮው ሰነድ ሁሉ በቀጣሪው እጅ ነውና። ኮንቬንሽኑም በአዋጅ 676/2002 ጸደቀ።

ይሁን እንጂ ያው መንግሥት በአዋጅ 621/2001 ከገቢያቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት ለአካል ጉዳተኞች መብት እንዳይሠሩ ከለከለ። መወጣጫ መሥራት ተፈቀደ፤ መወጣጫው መብት ነው ማለት ግን ተከለከለ። ክልከላው የተነሣው በአዋጅ 1113/2011 ነው። የትነበርሽ በ2017 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ስትቀበል አዋጁ ገና ሥራ ላይ ነበር። አንቀጽ 1728 ግን ዛሬም በሕጉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።