ሪሌይ፤ ከቴሌግራፍ ሽቦ እስከ ቢቸና ጋራዥ

የመካኒክን ቃላት በጥሞና ያዳመጠ ሰው የአውቶሞቢልን ታሪክ በከፊል ሊያነብባቸው ይችላል። ቢቸናም ሆነ ሞጣ ጋራዥ ጎራ ብንል ካቻቪቴ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ ሲባል እንሰማለን፤ ሁሉም ምንጫቸው ጣሊያንኛ ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቢሆንም፣ መኪና ከነሙያው የተስፋፋው ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራና ከዚያም በኋላ በአገሩ በቀሩት ጣሊያናውያን መካኒኮች እጅ ስለ ነበር፣ ስሙ ከዕቃው ጋር ቀረ። ሪሌይ ግን ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ የሚጠራው በእንግሊዝኛ ስሙ ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን መኪናዎች ላይ ራሱን የቻለ ሪሌይ ብርቅ ነበርና ስም የሚያወጣለት አላገኘም።

ዕቃው ራሱ ግን ከአውቶሞቢል ይቀድማል። የቴሌግራፍ ዋና ጠላት ርቀት ነበር። ኤሌክትሪክ በረጅም ሽቦ ሲጓዝ በሬዚስታንሱ ምክንያት እየደከመ ይሄድና ከመድረሻው ሲደርስ መልእክት መቀበያውን ለማንቀሳቀስ ያቅተዋል። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1835 ገደማ መላውን አገኘ፤ ይኸውም የደከመው ኃይል ሥራውን ራሱ እንዲሠራ ከማስገደድ ይልቅ አንድ ትንሽ ኤሌክትሮማግኔት ብቻ እንዲያነቃ፣ ኤሌክትሮማግኔቱም የሌላ ባትሪን መስመር እንዲያገናኝ ማድረግ ነው። ሳሙኤል ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1844 ዋሽንግተንን ከባልቲሞር ያገናኘበት ቴሌግራፍ በዚሁ ዘዴ ተጠቅሟል። ስሙም የመጣው በየማረፊያው የደከመውን ፈረስ በትኩስ ፈረስ ከመለወጥ ልማድ ነው። የበቅሎን መንገድ ለሚያውቅ ለጎጃም ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም። «ቅብብል» ቢባል ባማረ ነበር፤ ጋራዡ ሪሌይ ብሏልና ከጋራዡ ጋር አልጣላም።

ወደ አውቶሞቢል የገባው በዲናሞ በኩል ነው። ሞተሩ ሲቆም የዲናሞው ቮልት ከባትሪው ያንሳል፤ መስመሩ ካልተቋረጠም ባትሪው ወደ ዲናሞው ይፈስሳል። ስለዚህ በሬጎሌተሩ ሣጥን ውስጥ አንድ አቋራጭ ሪሌይ ተቀመጠ፤ በ12 ቮልት መኪና ላይ ዲናሞው ወደ 13 ቮልት ሲደርስ ያገናኛል፣ ሲወርድ ይለያል። ኮንታክቱ ተጣብቆ ከቀረ ባለመኪናው ማለዳ የሚያገኘው የሞተ ባትሪ ነው። ብዙዎች «ባትሪው አርጅቷል» ብለው አዲስ የሚገዙት ይህን ሣጥን ሳይከፍቱ ነው።

የፊት መብራት ሪሌይ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ምክንያቱ ግን ያው የሄንሪ ርቀት ነው። በቆየ ላንድሮቨር ላይ የመብራቱ ኃይል በሙሉ ከባትሪ ተነሥቶ በዳሽቦርዱ ማብሪያ ዞሮ ወደ ፊት ይመለሳል። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ ለረጅም ዘመን ጠጠር ስለ ነበር፣ ንዝረቱና አቧራው ማያያዣዎችን ያላላል፣ የክረምቱ እርጥበት ደግሞ ያዝጋቸዋል። በዚህ ምክንያት ባለቤቶች ሪሌይ ያስጨምራሉ። ፋብሪካው ያላስቀመጠው ዕቃ በመሆኑም በሥዕል አይገኝም። ለማግኘት ከመብራቱ ወደ ኋላ ሽቦውን መከተል፣ ረዳት መብራቱን ሲያበራና ሲያጠፋ በጣት እየዳሰሱ መርገጫውን መፈለግ ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሪሌዩ «ጠቅ» ካለ ደኅና ነው ይባላል። ድምፁ የሚመሰክረው ጥቅል ሽቦው መሥራቱን ብቻ ነው፤ ስለ ኮንታክቱ የሚለው ነገር የለም። አሁን በተለመደው የሪሌይ ቁጥር 85 እና 86 የጥቅሉ፣ 30 ከባትሪ የሚገባው፣ 87 ወደ መብራት የሚወጣው ነው። በ12 ቮልት ሪሌይ ላይ ጥቅሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ኦም ይለካል። ይህ ከተገኘ በኋላ መብራቱ እየበራ በ30 እና በ87 መካከል ቮልት መለካት ያስፈልጋል፤ ከ0.2 ቮልት ብዙ ከበለጠ ኮንታክቱ ተቃጥሏል። ሳይበራ መለካት ዋጋ የለውም፤ የተቃጠለ ኮንታክት ለኦም መለኪያው ትንሽ ኃይል ብዙ ጊዜ ይታዘዛል።

ሒሳቡን እንይ። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፑሎች ወደ 9 አምፔር ይወስዳሉ። ኮንታክቱ አንድ አሥረኛ ኦም ቢኖረው 0.9 ቮልት ይጠፋል። የአምፑል ብርሃን ከቮልቱ ይልቅ በፍጥነት ስለሚወድቅ፣ ይህች ትንሽ ጉድለት ከብርሃኑ ሩብ ያህሉን ትወስዳለች። በዚያች ጠባብ ሣጥን ውስጥም 8 ዋት ያህል ሙቀት ይቀራል፤ የሪሌይ ክዳን ቀልጦ የሚገኘው በዚህ ነው። በምሽት ወደ ዓባይ ሸለቆ ለሚወርድ ሾፌር የሩብ ብርሃን ጉድለት ምን ማለት እንደ ሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

የተለመደው መድኃኒት «ዳይሬክት» ማድረግ ነው፤ 30 እና 87ን በሽቦ ማገናኘት። ጥፋቱ ሪሌዩ ላይ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ለአንድ ደቂቃ ይህን ማድረግ ብልኅነት ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። መብራቱ በዚያም ካልደመቀ ጥፋቱ በሻንሲው ማያያዣ ወይም በሽቦው ነው። እንደዚያው ታስሮ ለወራት ሲቀር ግን፣ በተለይም ፊውዙ በወፍራም ሽቦ ከተተካ፣ የሚቃጠለው ሪሌይ ሳይሆን መኪናው ነው።

ለመለወጥ ሲታሰብ በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ቮልት ማንበብ ግድ ነው። ከከባድ መኪና የተፈታ 24 ቮልት ሪሌይ በቅርጽ አንድ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ በላንድሮቨር ላይ ይታሰራል። በ12 ቮልት ጭራሽ አይስብም፤ ቢስብም አጥብቆ ስለማይይዝ ጠጠር ላይ ኮንታክቱ እየተንቀጠቀጠ ይቃጠላል። ጽሑፉ ከጠፋ ጥቅሉን መለካት ነው፤ 300 ኦም አካባቢ ከሆነ የከባድ መኪና ነው።